ወይዘሮ ኪዳነምሕረትና የጨው ነጋዴው ምራት

በር መክፈት።
ውሃ ማስሞላት።
ወተት መቀበል፤ ማሽተት፤ ማማረር።
ሾፌሮችን ቁርስ ማብላት።
አንሶላ ማስለወጥ።
ሥጋ መግዛት፤ ስለ አጥንቱ መከራከር።
የተጣሉ ባልና ሚስት ማስታረቅ።
ምሳ ማብላት።
ቴሌቪዥኑን መወልወል።
የሀዋኦን ወንበር አለማየት።
ሒሳብ መዝጋት።
በር መዝጋት።

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት በኬንያው ሞያሌ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኘው ሆቴላቸው፣ ይህን ሁሉ በየቀኑ ሳያጓድሉ ይፈጽማሉ። ሆቴሉ ጥቂት የመኝታ ክፍሎች፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ ሰፊ አዳራሽ አለው። የከባድ መኪና ሾፌሮች የዚያን ወጥ ቤት ጥብስ ከናይሮቢ ጀምሮ እየናፈቁ እንደሚመጡ ይነገራል፤ ይህን የሚናገሩት ግን በአብዛኛው ራሳቸው ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው።

ከተግባሮቻቸው ሁሉ ስም ያተረፈላቸው ባልና ሚስት ማስታረቁ ነው። በከተማውም ሆነ በአቅራቢያው ባለችው በሄሉ መንደር ትዳሩ የተናጋበት ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚም ይሁን መስጊድ ተመላላሽ፣ መጨረሻው የእርሳቸው አዳራሽ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ ሻይ ያጠጣሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ይነግሯቸዋል። የሚገርመው ሰዎቹ ታርቀው መሄዳቸው ነው። እርሳቸው ራሳቸው ያገቡት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለአንድ ክረምትና ለአንድ በጋ ብቻ ነበር። ይህን የሚያነሣ ደፋር ሲገኝ፣ «ትዳርን ለማወቅ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ወይዘሮ ሀዋኦ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው የጎዶማ መንደር ሴት ናቸው። የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ሞልተው፣ ከሞተር ብስክሌተኛው ጀርባ ተቀምጠው በየማለዳው ወደ ከተማ ይገባሉ። አማርኛን የተማሩት ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ወጥ ቤት ነው፤ ሲረጋጉ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲቸኩሉ ደግሞ በስዋሂሊ ይናገራሉ። ለብዙ ዓመታት ወተታቸውን ካስረከቡ በኋላ ወደ ገበያ ይሄዱና፣ ከምሳ በኋላ ተመልሰው ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጎን በአንዲት የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አብረው የሚያዩት ነገር ነበራቸው። «የጨው ነጋዴው ምራት» የተሰኘ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ ድምፅ የተሠራለት ተከታታይ ድራማ ነበር።

ድራማው ኔርሚን ስለምትባል ወጣት ሴት፣ ኦርሃን ስለሚባል ባሏና ፈገግ ብላ ስለማታውቅ አማቷ ይተርካል። ኦርሃን ሚስቱን ይዋሻል፤ ይጸጸታል፤ ደግሞ ይዋሻል። በመጨረሻው ክፍል ኔርሚን ሻንጣዋን አንሥታ መርከብ ተሳፈረች። ኦርሃን ወደቡ ላይ በዝናብ ቆሞ አለቀሰ። ጠቡ የተነሣው ያን ዕለት ነው።

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት።

«ምን እሰይ አለው?» አሉ ወይዘሮ ሀዋኦ። «ሰውየው እኮ ተለውጧል።»

«የተለወጠው ካፖርቱ ነው።»

«አላለቀሰም?»

«ሽንኩርት ስልጥም አለቅሳለሁ። ለሽንኩርቱ አዝኜ ነው?»

«ቤቷ መመለስ ነበረባት፣ ኪዳኔ። ባል የሚሻሻለው ቀስ እያለ ነው። አንቺ ይህን እንዴት ታውቂዋለሽ? ባል ሳይሻሻል ነው የሸኘሽው!»

በአዳራሹ ሾፌሮች ነበሩ፤ ሳቁም። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ወይዘሮ ሀዋኦ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ፤ በማግሥቱም ወተታቸውን ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ለከፈተችው ለሚሚ አስረከቡ። ሚሚ ከሐዋሳ የመጣች ነች፤ ለከተማው አዲስ፣ ለስዋሂሊም አዲስ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ወተት የሚገዙት ከሌላ ሰው ሲሆን፣ ያም ወተት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይሸታቸዋል። አንድ ቀን ጭስ ጭስ፣ አንድ ቀን ጀሪካን ጀሪካን። ከሀዋኦ በቀር ወተት የሚያውቅ ሰው በአውራጃው እንደሌለ ለማንም አልተናገሩም፤ ወንበሯን ግን ማንም እንዲቀመጥባት አልፈቀዱም።

እንዲህ እያሉ ወራት አለፉ። አንድ ቀን የእኅታቸው ልጅ ብሥራት፣ የስልክ ጥገና ሱቅ ያላት ወጣት፣ ከናይሮቢ ያገለገለ የጌም ማጫወቻ ገዝታ መጣችና ሰፊውን ቴሌቪዥን እንዲያበድሯት ለመነቻቸው።

«ጥይት የሚተኮስበት ከሆነ በእኔ ቤት አይሆንም» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት የቴሌቪዥኑን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ።

«ጥይት የለውም፣ አክስቴ። ‹የጨው ነጋዴው ምራት› ነው። ከድራማው የተሠራ ጌም ነው፤ እንደ ድራማው በክፍል በክፍል ነው የሚሄደው። አምስት ክፍል አለው።»

«እሱንማ አይቼ ጨርሻለሁ።»

«ይህ የሚታይ ብቻ አይደለም። ኔርሚን ምን ብላ እንደምትመልስ የምንመርጥላት እኛ ነን።»

«እኛ በሰው ትዳር ምን አግብቶን?» አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን በዕለቱ ሁለት ባልና ሚስት ማስታረቃቸውን ዘንግተውት ነበር።

«ታሪኩ እንደ ምርጫችን ይለዋወጣል። መጨረሻውም ጭምር።»

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆመ። «መጨረሻውም?»

«መሄድም ትችላለች፤ መቅረትም ትችላለች።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ወደ እንጨቷ ወንበር አዩ። ከተግባሮቻቸው አንዱን ሲጥሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ምሳቸውን ዘወትር በሆቴሉ የሚበሉት የከብት ደላላው ሻሮ፣ በዕድሜም በአንደበትም የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጃርሳ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ከሥጋው መልካም መልካሙን አስቀረቡላቸውና ነገሩን አዋዩዋቸው። ሀዋኦ ጋ ሄደው፣ ክርክሩን መሣሪያው ይፍረደው ብለው እንዲነግሩላቸው ጠየቁ።

«ለግመል ተልኬ አውቃለሁ» አሉ ሻሮ እያኘኩ። «ለጉድጓድ ውሃ ተልኬ አውቃለሁ። ልጅ ለመጠየቅማ የላከኝ ብዙ ነው። ለቴሌቪዥን ግን ስላክ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ሽማግሌ ይዤ ልሂድ?»

«ብቻዎን ይበቃሉ፣ ጃርሳ።»

«ብቻዬንማ ከሄድኩ ነገሩን አቃልለሽዋል ትልሻለች» ብለው ሁለት ሰው ጨመሩ። ሦስቱም በትራቸውን ይዘው፣ ወይዘሮ ሀዋኦ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ከጠየቁ በኋላ ስለ ኔርሚን ተናገሩ።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ወይዘሮ ሀዋኦ ተስማምተዋል፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አላቸው። ኔርሚን ባሏን ትታ ከሄደች፣ ወይዘሮ ሀዋኦ በወተት ገበያው መካከል ቆመው መሳሳታቸውን ያውጃሉ። ኔርሚን ወደ ቤቷ ተመልሳ ደስ ካላት ደግሞ፣ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት በዚያው ገበያ ቆመው፣ «እኔ ስለ ትዳር የማውቀው ነገር የለም» ብለው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ይናገራሉ።

«በሦስት ቋንቋ?» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት።

«በሦስት» አሉ ሻሮ።

«እንግሊዝኛውን በምን አዝናልኝ ተወችው?»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ልባቸው ደንግጦ ነበር። በወተት ገበያ ማለዳ የተነገረ ቃል ከረፋዱ በፊት ሄሉ ይደርሳል፤ ከምሳ በፊት ድንበሩን ይሻገራል። ያን ዓረፍተ ነገር ከራሳቸው አፍ የሰማ ሰው ከእንግዲህ ጠቡን ይዞ ወደ እርሳቸው አይመጣም። ስማቸው ማለት ይኸው ነበር። ቢሆንም «ይሁን» አሉ፤ ይሁን ካላሉ ወንበሯ እንደዚያው ትቀር ነበርና።

በመጀመሪያው እሁድ ወይዘሮ ሀዋኦ ወደ አዳራሹ ሲመጡ ሻሮ ደንቡን ደነገጉ። በየእሁዱ፣ የምሳ ገበያ ጋብ ሲል፣ አንድ ክፍል ይጫወታሉ። መቆጣጠሪያውን፣ ብሥራት «ጆይስቲክ» የምትለውን፣ ሁለቱ ሴቶች በየተራ ይይዛሉ፤ ጀማሪዋ ባለቤቲቱ ናቸው። ወይዘሮ ሀዋኦ፣ «እንግዲያው አምስተኛውም ለእሷ ሊደርስ ነው!» ብለው ቢጮኹ፣ ሻሮ፣ «መብራቱን የምትከፍለው እሷ ናት። ደግሞ እጅ የአንዷ ይሁን እንጂ አፍ የሁለታችሁም ነው፤ የፈለገችው ትጩኽ» አሉ። በዚህ ወይዘሮ ሀዋኦ ረክተው ተቀመጡ፤ ያውም በእንጨቷ ወንበር ላይ። ሁለቱ ሴቶች ግን ገና አልተነጋገሩም።

ጌሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብሥራት በእግሯ ቆማ ትተረጉም ጀመር።

የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው ኔርሚን በአማቷ ቤት ኮሪደር ላይ ቆማ ነው። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጃቸው ያዙት። ኔርሚን ተራመደችና ከግድግዳ ጋር ተጋጨች። ዞር ብላ ከሌላኛው ግድግዳ ጋር ተጋጨች።

«አክስቴ፣ ወደ በሩ!»

«በሩን አይቼዋለሁ። ያላየችው እሷ ናት።»

እንደምንም ሳሎን ገባች። አማቲቱ ከሶፋው ላይ፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» ስትል ጠየቀች። ከታች ሦስት ምርጫ ወጣ፤ ከምርጫዎቹ በላይ ደግሞ ነጭ መስመር።

«‹አመሰግናለሁ›፣ ‹አልፈልግም›፣ ወይም ዝምታ» አለች ብሥራት።

«ይህ የሚያጥረው መስመር ምንድን ነው?»

«ጊዜው ነው። ካለቀ ዝም እንዳለች ይቆጠራል።»

«አማቷ ሻይ ስትጠይቃት ዝም? ምን ዓይነት ብልግና ነው! በእኔ ቤት፣ በእኔ ቴሌቪዥን፣ አንዲት ምራት አማቷን…»

መስመሩ አለቀ። ኔርሚን አማቷን ዝም ብላ አየቻት። በማዕዘኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?»

«‹አማትሽ ይህን ታስታውሰዋለች› ይላል።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ልመልስ እኮ ነበር! ንገሪያት!»

«አትሰማም፣ አክስቴ።»

«ከዚያስ? ቂም ልትይዝብኝ ነው?»

«እስከ መጨረሻው ክፍል ትይዛለች።»

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ኪዳነምሕረት እንቅልፍ አጡ። ሥጋ ሲገዙ አጥንቱን ሳይከራከሩበት ቀሩ። ሻሮን ለብቻ ጠርተው፣ አማቲቱን የሚያስታርቅ ሰው መላክ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ሻሮ አሰቡና፣ «አገሯ ሩቅ ነው» ሲሉ መለሱ።

በሁለተኛው እሁድ ተራው የወይዘሮ ሀዋኦ ነበር። ወይዘሮ ሀዋኦ የጨዋታ ስልታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ይቅር ማለት። ኦርሃንን ይቅር አሉት። የኦርሃንን ወንድም ይቅር አሉት። ከመንገድ ዳር የተቀመጠ ምንጣፍ ሻጭ፣ «እንደምን ዋልሽ?» ቢላት፣ ከምርጫዎቹ መካከል «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ፈልገው ስላጡ አዘኑ።

«ምንጣፍ ሻጩ ምን አድርጓት ነው?» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት። ከጠቡ ወዲህ ለወይዘሮ ሀዋኦ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ፊቱ ደስ አይልም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ማድረጉ አይቀርም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ሳያስቡት።

ከመንደሩ ጀርባ ፍየሎች ታዩ። ሻሮ አንገታቸውን አሰገጉ። «ብሥራት፣ ያቺ ነጯ ስንት ትወጣለች?»

«አትሸጥም፣ ጃርሳ። ሥዕል ናት።»

«ባለቤቱን ጠይቂልኝ እንጂ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

ሦስተኛው ክፍል ኔርሚን የባሏን የተደበቀ መልእክት እንድትፈልግ የሚጠይቅ ነበር። መልእክቱ ያለው በባሏ መኝታ ክፍል ነው። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ግን ኔርሚንን ወደ ወጥ ቤት አስገቡና አላስወጧትም። ቁም ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አስከፈቷት፤ ድስቶቹን አስገለጧት። «ይህ ሁሉ ሰሃን ተደርድሮ በርበሬ የለም? ሽንኩርቱስ የት ነው የሚቀመጠው? ሀዋኦ፣ ነይ እስቲ ይህን ምድጃ እዪው!» ወይዘሮ ሀዋኦ ወንበራቸውን አስጠግተው ምድጃውን አዩ፤ ሁለቱም እንዲህ ባለ ቤት ትዳር እንዴት ሊጸና ይችላል በሚለው ነጥብ ላይ ፍጹም ተስማሙ። ለማየት የመጡት ሾፌሮች፣ «መልእክቱን! መልእክቱን!» እያሉ ይጮኹ ነበር። የሰማቸው የለም። በዚያ እሁድ ወይዘሮ ሀዋኦ ከጎዶማ ሲመጡ ትንሽ ጠርሙስ ወተት ይዘው ነበር፤ «ለራሴ መጠጫ ነው» ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ ሳይጠጡት፣ ሳይወስዱትም ሄዱ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አሸተቱት። ወተት ወተት ሸተታቸው።

አራተኛው ክፍል ሲያበቃ አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። ሾፌሮቹ የኦርሃንና የኔርሚን ተብለው ለሁለት ተከፍለዋል። ሁለቱ ሴቶች የኦርሃንን ጢም አይተው አንድ ላይ እየሳቁ፣ ሳቁ ሲያበቃ ውርርዱ ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። ብሥራት ነገሩን አስረዳች፤ እስካሁን በተደረጉት ምርጫዎች ሁለቱም መጨረሻዎች ክፍት ናቸው፤ የሚወስነው የመጨረሻው መልስ ብቻ ነው። መልሱን የሚጫኑት ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ናቸው።

አምስተኛው እሁድ ደረሰ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ለማሸነፍ ቆርጠው ተቀመጡ፤ አፍ የሁለቱም ቢሆንም እጁ የእርሳቸው ነበርና የሚያሠጋቸው አልነበረም። ወይዘሮ ሀዋኦም ይህን ያውቃሉ። ሻርፓቸውን ይፈትሉ ጀመር።

ወደቡ ታየ። መርከቡ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። ኦርሃን በእርጥብ ካፖርቱ መጣና ረጅም ንግግር ጀመረ፤ ብሥራት እየተከተለች ትተረጉማለች። ስለ አባቱ ጨው ተናገረ፤ ስለ ውሸቶቹ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኔርሚን፣ በልብሽ ውስጥ ለእኔ የቀረ ነገር አለ? እኔ እኮ…» ብሎ ገና ሳይጨርስ ምርጫዎቹ ብቅ አሉ።

«‹ባዶ ነው›፣ ‹አለ›፣ ዝምታ» አለች ብሥራት ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

የወይዘሮ ኪዳነምሕረት አውራ ጣት በመጀመሪያው ላይ አረፈ። በዚህ ቅጽበት ወይዘሮ ሀዋኦ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣

«ባዶ! ኪዳኔ፣ ባዶ! ባዶ!» ሲሉ ጮኹ።

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት የሚሰሙትን ማመን አቃታቸው። ሀዋኦ! ለወራት መንገድ የተሻገረችባቸው፣ ለዚያ ሰው እንባ ጥብቅና የቆመችው ሀዋኦ፣ በሾፌር ሁሉ ፊት ቆማ፣ ባዶ ነው በይው፣ ትሂድ፣ አንቺ አሸንፊ ትላለች! ገበያ መካከል ልትዋረድ፣ ወድዳ፣ ፈቅዳ! ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ያህል የምትወድ ሴት አስቀምጠው እርሳቸው ስማቸውን ሊጠብቁ ነው? ነጩ መስመር ሊያልቅ አንድ ጥፍር ያህል ቀርቶታል። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አውራ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አለ» የሚለውን ተጫኑ።

ኦርሃን ተንበረከከ። ሙዚቃ ተሰማ። ኔርሚን ሻንጣዋን አስቀመጠች፤ ከመርከቡ መሰላል ወረደች፤ ዝናቡም፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ እንደሚያደርገው፣ አባራ። ቤታቸው ታየ፤ በበሩ ላይ አማቲቱ ቆማለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለች። የኦርሃን ወገን የሆኑ ሾፌሮች ጠረጴዛ ደበደቡ።

ወይዘሮ ሀዋኦ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀርተው ነበር። «ምን አደረግሽ?»

«አንቺ ለእኔ ብለሽ ስትሸነፊ» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ድንጋይ ነኝ ላሸንፍሽ?»

«ማን ነው የተሸነፈው?»

«ባዶ ነው በይው አላልሽኝም?»

«አላልኩም!»

«ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል! ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ብለሽ አዳራሹን አናወጥሽው!»

«አዎ፣ ባዶ! ገና ነው! ቆዪ! ሰውየው ንግግሩን አልጨረሰም፣ ጣትሽን አንሺ ነው ያልኩሽ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባዶ በስዋሂሊ ገና ማለት ነው። ይህን በሞያሌ የማያውቅ የለም፤ ከሁሉም ይልቅ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ያውቁታል። ስንት ማለዳ ሀዋኦን በስልክ፣ «ወተቱ ደረሰ?» ብለው ጠይቀው፣ ሀዋኦ በሞተሩ ላይ ሆነው፣ «ባዶ!» ሲሏቸው ውሃ ጥደው ጠብቀዋል፤ ጀሪካኑ ባዶ ነው ብለው አስበው አያውቁም። በዚያች ቅጽበት ግን ብሥራት ቃሉን በአማርኛ ጆሯቸው ውስጥ አስቀምጣው ነበርና፣ ስዋሂሊው የሚገባበት ቦታ አጣ።

ሻሮ ከሳቅ ብዛት በትራቸው ወደቀ፤ በትሩን ሊያነሡ ሲሞክሩ ባርኔጣቸው ወደቀ። «እኔ በሸመገልኩበት ዘመን ሁሉ» አሉ፣ «በስህተት ሲጣሉ እንጂ በስህተት ሲዋደዱ አላየሁም!»

«አክስቴ፣ ችግር የለም» አለች ብሥራት። «ክፍሉን ከመጀመሪያው መልሰን መጫወት እንችላለን። ተሳስተው ነው የተጫኑት።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አየ።

«ይቻላል?»

«በደንብ።»

ወይዘሮ ሀዋኦ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከፈለግሽ ይደገም» አሉ በአማርኛ። «አልቀየምም።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ስለ ስማቸው አሰቡ። የጨው ነጋዴውን ቤት አዩ፤ ኔርሚን በበሩ በኩል ስትገባ፣ ኦርሃን ሻንጣዋን ተሸክሞ ሲከተላት አዩ። ከዚያ ጎናቸው የተቀመጡትን ሴት አዩ።

«አይደገምም» አሉ። «የተጫንኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ ልጅቱ ገና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መልሼ ዝናብ ላይ ላቁማት? ጃርሳ፣ ዕዳው መቼ ነው?»

«ነገ። ገበያው ሲሞላ።»

«ኪዳኔ» አሉ ወይዘሮ ሀዋኦ፣ «ሁለት ቋንቋ ይበቃል። ስዋሂሊውን ምሬሻለሁ።»

«ሦስት ተባለ፣ ሦስት ነው። ምንጣፍ ሻጭ አደረግሽኝ እንዴ?»

በማግሥቱ የወተት ገበያው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን ከፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሞተረኞቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ቆመዋል። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው መካከል ገቡ። ሻሮ በትራቸውን ተደግፈው በአንድ ወገን፣ ወይዘሮ ሀዋኦ ጀሪካናቸውን ይዘው በሌላው ወገን ቆሙ።

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ስለ ትዳር የማውቀው ነገር የለም» አሉ በአማርኛ። ድምፃቸው ረጅም ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«እንዴ!» አለች አንዲት ወተት ሻጭ። «እኔንና ባለቤቴን ያስታረቅሽን ታዲያ በምንድን ነው?»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት መዋሸት አልወደዱም። «በግምት» አሉ።

ሴትዮዋ አሰበች። «ግምትሽ ደግ ነው። ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ፤ አሁንም ብሶበታል።»

«ጠዋቱ ሥጋ የምገዛበት ነው፤ ከምሳ በኋላ አምጪው» ብለው ወደ ኦሮምኛው አለፉ። ኦሮምኛውን ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ተናገሩት፤ ወይዘሮ ሀዋኦ አንዱን ቃል አረሟቸው፤ በታረመው ደገሙት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

የቀረው ስዋሂሊ ነበር። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሚሚ ሲጁዊ ሎሎቴ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ለሻይ ቤቷ ወተት ልትገዛ የመጣችው ሚሚ ስሟን ሰምታ ከሰዉ መካከል ተስፈንጥራ ወጣች።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? እትዬ ኪዳነምሕረት፣ ምን በደልኩዎት? እትዬ ሀዋኦን ወተት ያምጡልኝ ብያቸው ነው? ራሳቸው ናቸው የመጡት! ካገባሁ ገና ወር አልሞላኝ፣ ስለ ትዳሬ በገበያ ምን ያስወራል?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሞተረኛ፣ «ሚሚ ማለት እኔ ማለት ነው» ብሎ ሊያስረዳት ቢሞክር፣ «አንተማ ሚሚ አይደለህም፤ ሚሚ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸችበት፤ ነገሩ ባሰ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሀዋኦ ራሳቸው እጇን ይዘው፣ በስዋሂሊ እኔ የሚለው ቃል ከስሟ ጋር አንድ መሆኑን በአማርኛ አስረዷት። ሚሚ አፈረች፤ ሳቀች፤ የወተት ዕቃዋን ይዛ ከጎናቸው ቆመች።

ሻሮ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሳቁ ስለ ሸፈነው ስዋሂሊው አልተቆጠረም። ከመጀመሪያው ይደገም።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ደገሙት። በዚህ ጊዜ ማንም አላቋረጣቸውም፤ ቃሉን ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ፊታቸውን ወደ ወይዘሮ ሀዋኦ አዙረው ተናገሩት። ወይዘሮ ሀዋኦ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው መቀበላቸውን አሳዩ።

ዕዳው በሦስቱም ቋንቋ፣ በሙሉ ተከፈለ።